ፎርማት ኮፒ ለማድረግ የቱ ይሻላል? ብሩሹ፣ ፔስት ስፔሻል ወይስ ሺቱን ሙሉ መገልበጥ

ጥር ሊያልቅ ሲል ደብረ ማርቆስ ውስጥ የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ሁሉ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሮስተር። ፈተናው ታርሟል። ማርክ ሊስቱ ከየመምህሩ ተሰብስቧል። የቀረው የ60 ተማሪ ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ ማስገባት፣ መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት ነው። ድሮ ይህ ሁሉ በእጅ ነበር። ትልቅ ወረቀት ይዘረጋል፣ በማስመሪያ ይሰመራል፣ ከ50 በታች የሆነው በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል። አሁን ብዙዎቻችን ጎግል ሺትስ የሚባለው በኢንተርኔት የሚሠራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ገብተናል። አንዱ ትምህርት ቤት ሆኖ፣ ሌላው ቤቱ ሆኖ እዚያው ፋይል ላይ ይሠራል።

ሥራው የሚንቀረፈፈው ማሳመሩ ላይ ነው። አንድ ሴል፣ ማለትም የሠንጠረዡን አንድ ሣጥን፣ መርጠው ፊደሉን ያደምቃሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ መስመር ያወጣሉ፣ ጽሑፉን መሃል ላይ ያደርጋሉ። ለሚቀጥለው ሴል እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። በዚህ መልክ ለአንድ ክፍል ሮስተር ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ባልደረቦች አሉኝ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ፣ እንደ እነሱም ለሚለፋ ሁሉ ነው።

አንዴ የተሠራን ፎርማት ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ብዙ መንገድ አለ። እኔ ከመምረጤ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የምወስደው የት ድረስ ነው? እዚያው ገጽ ላይ፣ ሌላ ታብ (በፋይሉ ውስጥ ያለ ሌላ ገጽ) ላይ ወይስ ሌላ ፋይል ውስጥ? ሁለተኛ፣ ከቀለሙ ጋር ምን ተከትሎ ይሄዳል? ዋናው ጥያቄ ይሄ ሁለተኛው ነው። ጥድፊያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትፈልጓቸው እንዳትቸገሩ።

ከቀለሙ ጋር የሚሄደው

ፎርማት ሲባል ብዙ ሰው ፊት የሚመጣው ቀለምና የፊደል መጠን ነው። ከእነዚህ ጋር ግን የቁጥሩ ዓይነትም አብሮ ይሄዳል። ሴሉ ተራ ቁጥር ነው? ፐርሰንት ነው? ብር ነው? ቀን ነው? ይህም ፎርማት ነው። የሚጎዳንም ይሄው ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሒሳብ መምህርት ላፕቶፕዋን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች። «መምህር፣ ማርኩ ሁሉ ጠፋብኝ!» አለችኝ። ስክሪኑን አየሁት። 45 ያገኘው ልጅ አጠገብ 2/13/1900 ይላል። 85 ያገኘችው አጠገብ 3/25/1900። የሆነው ይህ ነው፤ የልደት ቀን ዓምዱ መስመሩም ቀለሙም አምሮ ስለነበር፣ እሱን ፎርማት በሚገለብጠው ብሩሽ (ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ) ወስዳ የሒሳብ ዓምድ ላይ ቀባችው። የቀን ፎርማቱ አብሮ ሄደ።

ማርኩ አልጠፋም ነበር። ጎግል ሺትስ ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው። ቆጠራው የሚነሣው ከዲሴምበር 30፣ 1899 ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ 45 ቀን ብትቆጥሩ ፌብሩዋሪ 13፣ 1900 ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ ሺቱ 45ን ቀን አድርጎ አሳያት እንጂ ውስጡ ያው 45 ነው። ዓምዱን መርጠን ፎርማት፣ ነምበር፣ ከዚያ እንደገና ነምበር የሚለውን ስንጫን ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ደንግጣ ስለነበር የ60 ተማሪ ማርክ እንደገና ልትጽፍ ተዘጋጅታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ምንም ከመሰረዛችሁ በፊት አንዱን ሴል ወደ ነምበር መልሳችሁ እዩት።

ፐርሰንትም እንደዚያው ነው። የክትትል ፐርሰንት የተጻፈበትን ዓምድ ፎርማት ማርክ ላይ ብትቀቡት 85 የነበረው 8500% ሆኖ ቁጭ ይላል።

የእኛ አገር ቀን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሺቱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 12 ለማለት 12/2/2017 ብላችሁ ስትጽፉ እሱ በተለመደው አሠራሩ ዲሴምበር 2 ብሎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። አንዱ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ተጠግቶ ስታዩ ነገሩ ይሄ ነው። በቀን ቅደም ተከተል ልደርድር ስትሉ ሁሉም ይደበላለቃል። ጳጉሜን 3ማ 3/13 ተብላ ማርች 13 ትሆናለች።

መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ነው። የቀኑን ዓምድ ሙሉ ምረጡ፤ ፎርማት፣ ነምበር፣ ፕሌን ቴክስት በሉት። ከዚያ የጻፋችሁት እንደጻፋችሁት ይቀመጣል። ለስልክ ቁጥርም ይህንኑ አድርጉ። አለዚያ 09 ብላችሁ የጀመራችሁት ዜሮው ይወድቅና በ9 ይጀምራል። ይህን ፎርማት አንድ ሴል ላይ ካበጃችሁ በኋላ ገና ባዶ ወደሆኑት ዓምዶች ኮፒ ማድረግ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ በጎጃም አድባራት ያየሁት የብራና ጸሐፊ ሥራ ነው። ብዕሩን ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምራል። ቅዱሳን ስሞች በቀይ እንደሚጻፉ አስቀድሞ ያውቃል። ጽሑፉ የሚገባው በተዘጋጀ ቦታ ነው። ሺት ላይም ባዶው ቦታ አስቀድሞ ሲሰናዳ ሥራው ይቀላል፣ ስሕተቱም ያንሳል።

አብሮ የማይሄድም አለ። የዓምድ ስፋት ከፎርማት ጋር አይሄድም። ስለዚህ ሁሉንም ቀብታችሁ ስትጨርሱ ስም ዓምዱ ጠቦ የአባት ስም ተቆርጦ ብታዩት አትገረሙ። የራሱ መንገድ አለው፤ እመጣበታለሁ።

ብሩሹ

ከላይ በግራ በኩል፣ ፕሪንት ከሚለው ምልክት አጠገብ፣ የግድግዳ ቀለም መቀቢያ ሮለር የምትመስል ምልክት አለች። ስሟ ፔይንት ፎርማት ነው። አብዛኛው ሰው ብሩሽ ይላታል። ያማረውን ሴል ትመርጣላችሁ፣ ብሩሿን ትጫናላችሁ፣ ወደምትፈልጉት ሴል ሄዳችሁ ትጎትታላችሁ። አለቀ።

የብሩሿ ጥሩ ጎን ለዓይን መቅረቧ ነው። ኪቦርድ ላልለመደ ሰው ከዚህ የሚቀል የለም። ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንድ መምህራችን በአምስት ደቂቃ ለምደዋታል። ያው ፋይል እስከሆነ ድረስ ከአንዱ ታብ ወደ ሌላው ታብም ትሄዳለች፤ ብሩሿን ከተጫናችሁ በኋላ ታች ያለውን ታብ ነክታችሁ እዚያ መቀባት ነው።

ድካሟ መደጋገሙ ላይ ነው። ኤክሴል ላይ ብሩሹን ሁለቴ ክሊክ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት የለመደ ሰው ሺትስ ላይ ይቸገራል። እዚህ አንድ ማንሣት አንድ ቅብ ነው ብላችሁ ተነሡ። የ9ኛ ክፍል ሮስተር ላይ የትምህርት ዓይነቶቹን ርዕስ፣ የድምሩን ዓምድ፣ የአማካዩን ዓምድ፣ የደረጃውን ዓምድ በየቦታው ለመቀባት በየጊዜው ወደ ምንጩ ሴል መመለስ አለባችሁ። ሦስት ቦታ ከሆነ ግድ የለም። አሥራ አምስት ቦታ ከሆነ ግን ጊዜ ይበላል።

ሌላም አለ። ብሩሿ ስትጎትቱ ካመለጣችሁ የማትፈልጉት ሴል ላይ ትቀባለች። ላፕቶፕ ላይ ያለ ማውዝ በጣት ለምትሠሩ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ወዲያው የመጨረሻውን ድርጊት የሚመልሰውን ኮንትሮል ዜድ መጫን ነው።

እንግዲህ ብሩሿን የምመርጠው ለአንድ ሁለት ቦታ፣ እዚያው በቅርብ ሲሆን ነው።

ኮንትሮል፣ አልት፣ ቪ

አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል የማስተምረው ይህን ነው።

ያማረውን ሴል መርጣችሁ እንደተለመደው ኮንትሮል ሲ ትላላችሁ። ሴሉ ዙሪያ ነጠብጣብ መስመር ይመጣል። ከዚያ መድረሻውን መርጣችሁ ኮንትሮልንና አልትን አብራችሁ ይዛችሁ ቪን ትጫናላችሁ። ማክ ላይ ከሆናችሁ ኮማንድና ኦፕሽን ነው። በማውዝ መሥራት የሚፈልግ ራይት ክሊክ አድርጎ ፔስት ስፔሻል፣ ከዚያ ፎርማት ኦንሊ ይበል። ፎርማቱ ብቻ ይለጠፋል። ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ፎርሙላ፣ ስም አይነካም።

ከብሩሿ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ነጠብጣቡ መስመር እስካልጠፋ ድረስ ወደ ምንጩ መመለስ የለባችሁም። አንዴ ኮፒ፣ ከዚያ ወደ አንዱ ዓምድ ሄዶ መለጠፍ፣ ወደ ሌላው ሄዶ መለጠፍ፣ ወደ ሌላ ታብ ሄዶ መለጠፍ። መድረሻውንም በእርጋታ መርጣችሁ፣ ትክክል መሆኑን አይታችሁ ነው የምትለጥፉት። ለዚህ ነው ስሕተት የሚያንሰው። የመጀመሪያውን ሴል ነክቶ፣ ሺፍት ይዞ የመጨረሻውን መንካት 60 ረድፍ ከመጎተት ይሻላል።

ፔስት ስፔሻል ውስጥ ሌሎችም አሉ። የዓምድ ስፋት ብዬ የተውኩት እዚህ ነው፤ ኮለም ዊድዝ ኦንሊ ይባላል። ኦል ኤክሴፕት ቦርደርስ የሚለው ደግሞ ከመስመሩ በቀር ሁሉንም ይወስዳል። ይዘቱንም ጭምር ስለሚወስድ ማርክ ያለበት ቦታ ላይ አትጠቀሙበት። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ኦንሊ የሚለውን ቆየት ብዬ አነሣዋለሁ።

ከዚህ ጋር መንታ የሆነ አንድ ቁልፍ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ቪ። እሱ የተቃራኒውን ያደርጋል፤ ይዘቱን ብቻ ለጥፎ ፎርማቱን ይተዋል። ሮስተር ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። እስቲ አስቡት፤ የባዮሎጂ መምህሩ ማርክ ሊስቱን በአረንጓዴ ቀብቶ ይልካል። የእንግሊዝኛዋ ፊደሉን በ14 መጠን ትልካለች። የስፖርቱ በቢጫ። በተራ ኮንትሮል ቪ ስትለጥፉ የሁሉም ቀለም ሮስተራችሁ ላይ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ማስተካከል ነው። በኮንትሮል ሺፍት ቪ ግን ቁጥሩ ብቻ ይገባና የእናንተ መልክ እንዳለ ይቀራል። ጥሩ ፎርማት ኮፒ አለማድረግን የሚጠይቅበት ጊዜም አለ። ከልቤ እላችኋለሁ፣ የሮስተር ድካም ግማሹ የሚቀንሰው በዚህች ቁልፍ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ መርጅ ከተደረገ፣ ማለትም ከሌሎች ጋር ከተዋሐደ፣ ሴል ላይ ፎርማት አትውሰዱ። «የ2017 ዓ.ም. አንደኛ መንፈቀ ዓመት ውጤት» የሚለው ትልቁ ርዕስ ብዙ ሴል አንድ ላይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከእሱ ኮፒ ስታደርጉ መጣበቁም ሊከተል ይችላል። ስሞች ላይ ከወረደ ራስ ምታት ነው።

ሺቱን ሙሉ መገልበጥ

የምትፈልጉት የአንድ ሴል መልክ ካልሆነ፣ የገጹ ሁሉ መልክ ከሆነ፣ ብሩሽም ፔስት ስፔሻልም ተዉ። 9ኛ ሀን ጨርሳችሁ 9ኛ ለ፣ 9ኛ ሐ፣ 9ኛ መ ሲቀሩ ማለቴ ነው። ታች ያለውን የታብ ስም ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዱፕሊኬት በሉት። ቀለሙ፣ የዓምድ ስፋቱ፣ ፎርሙላው፣ ሲወርዱ እንዳይሄድ የቆመው የርዕስ ረድፍ ሁሉ እንዳለ ይመጣል። ከዚያ ስሙንና ማርኩን መርጣችሁ ዲሊት ተጫኑ። ዲሊት ይዘቱን ያጠፋል እንጂ ፎርማቱን አይነካም። ፎርሙላ ያለባቸውን የድምርና የአማካይ ዓምዶች ግን አትምረጡ፤ እነሱ ይቅሩ።

እኔ ከዚህም አልፌ አንድ ባዶ ታብ አኑሬያለሁ። ስሙ «ባዶ ሮስተር» ነው። ማንም ማርክ አይጽፍበትም። መስከረም ላይ የክፍሉ ብዛት ሲታወቅ ከእሱ ዱፕሊኬት እያደረግሁ ስማቸውን እለውጣለሁ። ያገለገለውን ከማጽዳት ይህ ይሻላል። ያገለገለ ታብ ውስጥ ያለፈው ዓመት ተማሪ ማርክ አንድ ሴል ላይ ተረስቶ ሊቀር ይችላል፤ ያ ደግሞ የልጅ ውጤት ነው።

ሌላ ፋይል ውስጥ ከሆነስ? ብሩሿ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው አትሻገርም። የታቡን ስም ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኮፒ ቱ፣ ከዚያ ኤግዚስቲንግ ስፕሬድሺት በሉና ፋይሉን ምረጡ። ታቡ «ኮፒ ኦፍ» የሚል ስም ይዞ እዚያ ይገባል። የምትፈልጉት ጥቂት ሴል ብቻ ቢሆንም ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ታቡን አስገብታችሁ፣ ከእሱ ላይ በኮንትሮል አልት ቪ የምትፈልጉትን ወስዳችሁ፣ ታቡን መልሳችሁ ማጥፋት ነው። ጠመዝማዛ ቢመስልም አስተማማኝ ነው። ከሌላ ታብ ቁጥር የሚጠራ ፎርሙላ ካለበት ግን አዲሱ ፋይል ውስጥ የስሕተት ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል አንድ በአንድ እዩት።

ከ50 በታች ያለው ቀይ ይሁን ስትሉ

እዚህ ላይ በብሩሽ መቀባት ስሕተት ነው እላለሁ። ምክንያቱም ማርክ ይለወጣል። 48 የነበረው ልጅ እንደገና ታርሞለት 52 ይሆናል። በእጅ የተቀባው ቀይ ግን እዚያው ይቀራል። ልጁ ያለፈበትን ትምህርት በቀይ ይዞ ካርድ ሊጻፍለት ነው። ቤቱ ወስዶ ለአባቱ የሚያሳየውን ካርድ!

ስለዚህ ቀለሙ በቁጥሩ የሚወሰን ከሆነ ፎርማት ሜኑ ውስጥ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግን ክፈቱ። የማርኩን ቦታ ሁሉ ምረጡ፣ ለስ ዛን የሚለውን ይዛችሁ 50 ጻፉ፣ ፊደሉን ቀይ አድርጉ። ማርኩ 50 ሲደርስ ቀዩ በራሱ ይነሣል።

ይህን ሕግ ወደ ሌላ ዓምድ ስትወስዱ ሁለት አማራጭ አላችሁ። ፔስት ስፔሻል ውስጥ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ኦንሊ የሚለው ሕጉን ብቻ ይወስዳል። የመድረሻው ቀለምና መስመር እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ኮፒ አለማድረግ ነው። በስተቀኝ የሚከፈተው ሰሌዳ ላይ ሕጉን ነክታችሁ፣ አፕላይ ቱ ሬንጅ የሚለው ሣጥን ውስጥ አዲሱን ዓምድ ጨምሩበት። አንድ ሕግ ለሁሉም ይሆናል። ሕጎችን በየዓምዱ ስታባዙ ቆይቶ የማለፊያው ነጥብ ቢቀየር ሁሉንም እየዞሩ ማስተካከል ይመጣል።

የልጁ ረድፍ ሙሉ እንዲቀላ ከፈለጋችሁ ከስተም ፎርሙላ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ከዓምዱ ፊደል በፊት የዶላር ምልክት ማድረግን አትርሱ። ዶላሩ ከሌለ ሕጉ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር የሚያየውንም ዓምድ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ አማካዩን ትቶ ደረጃውን ያያል።

አንድ ረድፍ ነጭ፣ አንድ ረድፍ ግራጫ የማድረጉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በእጅ ወይም በብሩሽ የቀባችሁት ረድፍ ተማሪዎቹን በደረጃ ስትደረድሩ ቀለሙ ከልጁ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሦስት ግራጫ ተከታትሎ፣ ሁለት ነጭ ተከታትሎ ይመጣል። ፎርማት ሜኑ ውስጥ ኦልተርኔቲንግ ከለርስ የሚለውን ተጠቀሙ። እሱ የሚያየው የረድፉን ቦታ ስለሆነ ምንም ብትደረድሩ ተራው አይዛባም።

በስልክ ለሚሠራ

ወንድሜ ቡሬ አካባቢ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ላፕቶፕ የለውም። የማዳበሪያ መዝገቡን ስልኩ ላይ ነው የሚይዘው። ማን ስንት ጥማድ አለው፣ ስንት ኩንታል ወሰደ፣ ስንት ብር ከፈለ። ደውሎ «ወንድምዓለም፣ ያቺ ብሩሽ ያልከኝ ስልኬ ላይ የለችም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ስልክ ላይ ያለው ፔስት ስፔሻል ነው። ሴሉን ነክታችሁ ኮፒ፣ መድረሻው ላይ ጣት አቆይታችሁ ፔስት ስፔሻልን ከፍታችሁ ፎርማቱን ብቻ የሚለጥፈውን መምረጥ። ለጥቂት ሴል ይበቃል። ለትልቅ ሥራ ግን አንድ ቀን ኮምፒውተር ያለው ቦታ ሄዶ ባዶውን ቅጽ አሰናድቶ፣ ከዚያ ቁጥሩን ብቻ በስልክ መሙላት ነው የሚያዋጣው።

እሱ ዘንድ ያየሁት ሌላ ችግር ግን ከስልኩም ይከፋል። ሴሉ ውስጥ «5 ኩንታል» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሺቱ ይህን ጽሑፍ አድርጎ ስለሚይዘው ድምሩ ዜሮ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብለን ፎርማት፣ ነምበር፣ ከስተም ነምበር ፎርማት ውስጥ ገባንና ዜሮ ጽፈን፣ ከእሱ ቀጥሎ ኩንታል የሚለውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከተትነው። አሁን 5 ብቻ ይጽፋል፤ 5 ኩንታል ሆኖ ይታያል፤ ድምሩም ይሠራል። ይህን ፎርማት ከማዳበሪያው ዓምድ ወደ ምርጥ ዘሩ ዓምድ በፎርማት ኦንሊ ወሰድነው። ቀለም ብቻ ሳይሆን የቁጥሩ ዓይነት አብሮ መሄዱ የጠቀመን እዚህ ነው። መምህርቷን ያስደነገጠው ያው ነገር ወንድሜን አሳረፈው።

መጎተት

ሴሉ ጥግ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ ይዞ ወደ ታች መጎተት ብዙ ሰው ፎርማት ለመውሰድ ይጠቀምበታል። ማርክ በተጻፈበት ቦታ ላይ በፍጹም አታድርጉት። ይዘቱንም አብሮ ይገለብጣል። የመጀመሪያው ተማሪ 73 የ60ውም ማርክ ሆኖ ይወርዳል። ኮንትሮል ዲም ያው ነው። ገና ባዶ በሆነ ቦታ ላይ ወይም ፎርሙላን ለማውረድ ግን ጥሩ ናቸው።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልጨምር። ፎርማት ሲሄድ ፎንቱም አብሮ ስለሚሄድ፣ ምንጩ ሴል ላይ ጥሩ የግእዝ ፎንት ምረጡ። ከፎንቶቹ ዝርዝር ሞር ፎንትስ ብላችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጨመር ትችላላችሁ። ከድሮ ፋይል ያመጣችሁት ስም የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ከታያችሁ ግን ችግሩ ፎርማቱ ላይ አይደለም። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ አጻጻፍ የተጻፈ ነው፤ የቱንም ፎንት ብትቀቡት አይስተካከልም። በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አለበት።

ከተበላሸ

ኮንትሮል ዜድ የመጀመሪያው ነው። ፋይሉን ዘግታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ካያችሁት ግን ፋይል ሜኑ ውስጥ ቨርዥን ሂስትሪ አለ። በየሰዓቱ የነበረውን መልክ ያሳያል። ብዙ ሰው እዚያ ገብቶ ወዲያው ሪስቶር ይላል። ከሌሎች መምህራን ጋር በጋራ በሚሠራ ሮስተር ላይ እንዲህ አታድርጉ። የእናንተ ስሕተት ጠዋት ተሠርቶ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የኬሚስትሪው መምህር ያስገባው ማርክም አብሮ ይጠፋል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከመበላሸቱ በፊት የነበረውን ቨርዥን መርጬ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክቼ ሜክ ኤ ኮፒ እለዋለሁ። እሱ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል። ከእሱ ታቡን በኮፒ ቱ ወደ ዋናው ፋይል አስገባዋለሁ። ከዚያ የተበላሸውን ዓምድ ፎርማት ብቻ በኮንትሮል አልት ቪ ወስጄ፣ እንግዳውን ታብ አጠፋዋለሁ። የኬሚስትሪው ማርክ እንዳለ ይቆያል።